ከላዚና የሄደው አድባር

የላዚና መንደር አድባር ዛፍ፣ የዕርገት በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ጠዋት ከቆመበት ተነስቶ ሄደ።

ላዚና በምሥራቅ ሰርቢያ፣ ስታራ ፕላኒና ከሚባለው ተራራ ግርጌ ያለች መንደር ናት። ስልሳ ሁለት ቤቶች አሏት። ሰው ያለው በሁለቱ ብቻ ነው። በላይኛው ቤት ስታሜና የሚባሉ የሰባ ስምንት ዓመት ባልቴት ይኖራሉ። በታችኛው ቤት ደግሞ ቬሊቦር የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሰማንያ አንድ ዓመት መምህር አሉ። ሁለቱ ከተነጋገሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት አንዳቸው የሌላውን ጭስ ማውጫ ሳያዩ ሥራ አይጀምሩም። ጭስ ካለ ሰው አለ።

ዛፉ ባሉጥ ነው፤ ሦስት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው አያቅፉትም። የአገሩ ሰው እንዲህ ያለውን ዛፍ «ዛፒስ» ይለዋል፤ የተጻፈበት ማለት ነው፤ ግንዱ ላይ መስቀል ተቀርጾበታልና። ቅርንጫፉን የቆረጠ ሰው ዓመት አይደፍንም ይባላል። በየዓመቱ በዕርገት ዕለት መንደርተኛው መስቀልና ሰንደቅ ይዞ እርሻውን ይዞራል፤ ዑደቱ ዛፉ ሥር ያበቃል፤ መስቀሉ በቢላ ይታደሳል፣ ዘይትና ወይን ይፈስበታል፣ ድፎ ይቆረሳል። ለዚህ ሥርዓት ቢያንስ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ መስቀል ይይዛል፣ አንዱ ሰንደቅ ይይዛል፣ አንዱ ይከተላል። ባለፈው ዓመት ቄሱ አልደረሱም፤ የሚያገለግሉት አሥራ አንድ መንደር ነው። ስታሜና መስቀሉን ይዘው ብቻቸውን ዞሩ። ቬሊቦር ከአጥራቸው ጀርባ ቆመው አዩ፤ አልተከተሉም።

ማክሰኞ ጠዋት ስታሜና ከዛፉ ሥር ያለውን ሣር ሊያጭዱ ማጭዳቸውን ይዘው ወጡ። ዛፉ አልነበረም። የነበረበት ቦታ ጉድጓድ ሆኗል። ከጉድጓዱ ጀምሮ ቁልቁል እስከ መንገዱ ድረስ፣ ብዙ ከባድ ጆንያ የተጎተተ የሚመስል ፈለግ አለ። ስታሜና ፈለጉን ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ወርደው የቬሊቦርን በር አንኳኩ።

«ማነው?» አሉ ቬሊቦር ከውስጥ።

«ማን ሊሆን ይችላል?» አሉ ስታሜና።

ቬሊቦር ከፈቱ። በካልሲ ነበሩ።

«አድባሩ ሄዷል» አሉ ስታሜና።

«ወዴት?»

«ቁልቁል።»

ቬሊቦር ጫማቸውን አጠለቁና ከተዘጋው ትምህርት ቤት ያስቀሩትን የእንጨት ሜትር ይዘው ወጡ። ጉድጓዱን ለኩ፤ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ከሠላሳ ነበር። አፈሩን በጣታቸው ፈተጉት። «አልወደቀም» አሉ። «አልተነቀለምም። ወጥቶ ነው።»

«ዕርገት ሐሙስ ነው» አሉ ስታሜና። «ዛፉ ባለበት መከበር አለበት።»

«ሰንደቁን ማን ይይዛል?»

«እርስዎ።»

«የሚከተልስ?»

«መንገድ ላይ ይገኝ ይሆናል።»

ስታሜና ድፎውን፣ ቢላውን፣ አንድ ጠርሙስ ወይንና የዘይት ብልቃጥ በዘንቢል አደረጉ። የዑደቱ መስቀል ድሮም የሚቀመጠው በእሳቸው ቤት ነው፤ እስኪሞቱ ድረስ በዑደቱ ይይዙት የነበሩት ባላቸው ቶዶር ናቸው። ቬሊቦር ሰንደቁን ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ሁለቱም ቤታቸውን ቆለፉ። ላዚና ውስጥ ሰው አልቀረም።

ዛፉን አስፋልቱ ላይ፣ አምስት ሰዓት ገደማ ደረሱበት። የሚሄደው ጥጃ የምታስከትል ላም በምትሄደው ልክ ነው። ሥሮቹ፣ ዓይነ ስውር ሰው በእጁ ግድግዳ እየዳሰሰ እንደሚሄደው፣ መሬቱን እየነኩ ወደፊት ይዘረጉና ይረግጣሉ። መኪኖች ከኋላው ይዘገያሉ፣ መንገዱ ሲጸዳ ጥሩንባ ነፍተው ያልፋሉ። አንዲት ወፍ ጎጆዋ ውስጥ እንቁላሎቿን እንደታቀፈች አብራ ትሄዳለች።

መስቀለኛው መንገድ ላይ አንድ ፖሊስ እጁን አነሳ። ዛፉ ቆመ።

«ዛፉ የማን ነው?» አለ ፖሊሱ።

«የመንደሩ» አሉ ስታሜና።

«የመንደሩ ተወካይ ማን ነው?»

ስታሜናና ቬሊቦር ተያዩ።

«እኛ ነን» አሉ ቬሊቦር።

«ሁለታችሁም?»

«ሁላችንም።»

ፖሊሱ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ዛፉ ቀኝ ቀኙን ይዞ እንዲሄድ፣ ከኋላም ቀይ ጨርቅ እንዲንጠለጠልበት አዘዘ። ጨርቁን ራሱ ከመኪናው አውጥቶ ሰጣቸው። ቬሊቦር የኋለኛው ቅርንጫፍ ላይ አሰሩት። ፖሊሱ ዛፉን ቀና ብሎ አየና ባርኔጣውን አወለቀ፤ ወዲያው መልሶ አደረገው።

ከሰዓት በኋላ የቬሊቦር ጉልበት እምቢ አለ። ዛፉ ላይ ዝቅ ያለ አንድ ባላ ነበር፤ ስታሜና ከሥር ገፍተው አወጧቸው፤ ከዚያ እሳቸውም ወጡ። ጎን ለጎን ተቀመጡ። እንዲህ ተቀራርበው ሲቀመጡ ከቶዶር ቀብር ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ጀርመንኛውን ባያስተምሩት ኖሮ» አሉ ስታሜና፣ «ራዲሻ አይሄድም ነበር።»

ራዲሻ የስታሜና አንድ ልጅ ነው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ወደ ቪየና ሄዷል። በዓመት አራት ጊዜ ካርድ ይልካል። ካርዱ ላይ ሁልጊዜ የከተማዋ ሥዕል አለ፤ በጀርባው በሰማያዊ ቀለም «ደህና ነኝ፤ ሥራ ብዙ ነው» ይላል። አባቱ የሞቱ ጊዜ የመጣው ካርድ ደግሞ «ፈቃድ ከለከሉኝ» ይላል። የመጣውም ከአርባው በኋላ ነው። ያን ዕለት ስታሜና ካርዱን ይዘው ወደ ቬሊቦር ቤት ወረዱ፣ በሩ ላይ ለጠፉት፣ ምንም ሳይናገሩ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

«አርባ አንድ ልጆች አስተምሬያለሁ» አሉ ቬሊቦር። «አርባ አንዱም ሄደዋል።»

«ሌላ የሚያስተምሩት አልነበረዎትም?»

«ጂኦግራፊ ነበር» አሉ ቬሊቦር። «እሱም ያው ነው።»

ሲመሽ ዛፉ መንገድ ዳር ቆመ። ሁለቱ ወርደው አንድ ጎሚስታ ቤት አደሩ፤ ባለቤቱ ብርድ ልብስ ሰጣቸው፤ ስለ ዛፉ ግን ምንም አልጠየቀም። ሲነጋ ዛፉ መንገዱን ቀጠለ።

ረቡዕ ዕለት፣ ስቭርሊግ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ሲገቡ፣ ዛፉ ሳይታሰብ ከአውራው መንገድ ወጥቶ ወደ አንድ ሰፈር ታጠፈ። ሦስት ቤቶች አልፎ አራተኛው ላይ ቆመ። አንዲት ጠና ያለች ሴት እጇን በሽርጧ እያደረቀች ወጣች። ቦሲልካ ትባላለች። የላዚና ልጅ ናት፤ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ለሹራብ ፋብሪካ ሥራ ወርዳ በዚያው ቀርታለች። ዛፉን አላወቀችውም። ቬሊቦርን ግን አወቀቻቸው።

«መምህር!»

«ቦሲልካ» አሉ ቬሊቦር ከባላው ላይ። «አድባሩ ነው።»

ቦሲልካ ቀና ብላ አየች። «ከፍ ያለ ይመስለኝ ነበር» አለችና ቀርባ መዳፏን ግንዱ ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፈነች። እንደዚያ ሆና ጥቂት ቆየች። ከዚያ እጇን አንስታ ወደ ቤቷ ልትመለስ ዞረች፤ የዞረው ግን ከወገቧ በላይ ያለው ብቻ ነበር።

«እትዬ ስታሜና» አለች፣ «ምድጃ ላይ ድስት ጥጃለሁ። ያውርዱልኝ።»

«አንቺስ?»

«እግሬ እንቢ አለኝ።»

ስታሜና ገብተው ድስቱን አወረዱ። ሲመለሱ የቦሲልካ ባል አካፋ ይዞ ወጥቶ ነበር። በእግሯ ዙሪያ ያለውን አፈር በጥንቃቄ ጫረ። ነጠላ ጫማዋ ከሥር ተቀዷል። ከተረከዟ፣ እንደ ባሮ ሽንኩርት ሥር የቀጠኑና የነጡ ክሮች ወጥተው መሬት ገብተዋል። ባልየው አካፋውን አስቀመጠ።

«ያምሻል?» አላት።

«አያምም።»

ሐኪም ይጠራ ወይስ የግብርና ባለሙያ በሚለው ላይ ትንሽ ተነጋገሩ። ፀሐዩ እየበረታ ነበር፤ ባልየው ገብቶ ጃንጥላ አመጣና ከራሷ በላይ ያዘላት። ዛፉ አልጠበቀም፤ ዞሮ መንገዱን ያዘ። ቬሊቦር ከባላው ላይ ወደ ኋላ እያዩ ሄዱ። ቦሲልካ ፊቷ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ላዚና ነበር። እጇን አውለበለበችላቸው።

«እኛ ከትናንት ጀምሮ ይዘነዋል» አሉ ስታሜና። «ምንም አልሆንንም።»

«እኛ አልሄድንም» አሉ ቬሊቦር።

ማታ ግራማዳ የሚባለውን ኮረብታ አልፈው አንድ ሜዳ ላይ ሲያርፉ ስታሜና «ይሄ ዛፍ እስከ ቪየና ይደርስ ይሆን?» ብለው ጠየቁ።

«የሚያቆመው ከሌለ» አሉ ቬሊቦር።

ሐሙስ ዕለት፣ ዕርገት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ኒሽ ገቡ። ኒሽ ትልቅ ከተማ ነው። ዛፉ በድልድዩ ተሻገረ፣ የትራፊክ መብራት ቀይ ሲሆን ቆመ፣ አረንጓዴ ሲሆን ሄደ። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ግራጫ ፎቆች ወደተደረደሩበት ሰፈር ገባ። ሦስተኛው ሕንፃ ፊት ያለው መኪና ማቆሚያ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ቬሊቦር ዙሪያውን አዩ። «እዚህ ማን አለን?» አሉ። «እዚህ ያለ ሰው አላስታውስም።»

የፎቁ በር ተከፈተና አንድ ሰው የቆሻሻ ከረጢት ይዞ ወጣ። አርባዎቹን አጋምሷል፤ ጸጉሩ በጎንና በጎን ሸብቷል። ከዛፉ ሥር ሲደርስ ቀና አለ። ባላው ላይ ጥቁር የለበሱ አሮጊት ተቀምጠዋል።

«ራዲሻ» አሉ ስታሜና።

«እማዬ» አለ ሰውየው።

«ቪየና እዚህ ናት?»

«አይደለችም።»

ራዲሻ ከረጢቱን ይዞ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ሄዶ ገንዳ ውስጥ ጣለው። ተመልሶ መጣና እናቱን አቅፎ አወረዳቸው፤ ግንዱን ግን አልነካም፤ የያዛቸው ከእግራቸው ነበር። መሬት ካስቀመጣቸው በኋላም ለጥቂት ጊዜ አልለቀቃቸውም። ቬሊቦርን ራሳቸው እየተንሸራተቱ ሲወርዱ አያቸውና «መምህር» ብሎ ጎንበስ አለ። ቬሊቦር በጀርመንኛ ሰላምታ ሰጡት። በሰርብኛ መለሰላቸው።

«ወደ ላይ ውጪ» አለ ለእናቱ። «አራተኛ ፎቅ ነው።»

ቬሊቦር ሰንደቁን ለመፍታት እታች ቀሩ። ስታሜና ሊከተሉት ሲሉ ቬሊቦር ክንዳቸውን ያዙ።

«ስለ ቦሲልካ ይንገሩት» አሉ በቀስታ። «ሳይወርድ።»

«እነግረዋለሁ» አሉ ስታሜና።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አልጋ፣ ጠረጴዛና አራት ወንበሮች አሉ። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ግማሽ ድረስ የነደደ ወፍራም ጧፍ ቆሟል። ስታሜና ሥዕሉን አወቁት። ቶዶር ለልጃቸው ሲሄድ የሰጡት ነው። በሰርቢያ እያንዳንዱ ቤት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ አንድ ቅዱስ አለው። የቅዱሱ ዕለት ቤቱ ክፍት ሆኖ ይውላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጧፍ ይበራል፣ ድፎ በወይን ይባረካል። ማንም ማንንም አይጠራም። የሚያውቅ ይመጣል። የእነሱ ቤት ቅዱስ ሚካኤል ነው፤ የኅዳሩ።

ራዲሻ እንቁላል ቀቀለ። እናቱ ፊት አስቀመጠና ተቀመጠ። ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ።

«ድንበር ላይ መለሱኝ። በሦስተኛው ቀን። በወሩ ደግሜ እሞክራለሁ ብዬ እዚህ ቆየሁ። እናንተ እንዳትሰጉ ካርድ ጻፍኩ፤ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ወስዶ ከቪየና ፖስታ ቤት ላከልኝ። ከዚያ ሁለተኛው ካርድ ከመጀመሪያው ጋር መስማማት ነበረበት።»

«አሥራ አራት ዓመት።»

«አዎ። ባቡር ጥገና ነው የምሠራው።»

«ከላዚና እስከዚህ በአውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት ሰዓት። ዝናብ ካለ ሁለት ተኩል።»

ስታሜና አንዱን እንቁላል ወስደው ጠረጴዛው ላይ አንኳኩትና መላጥ ጀመሩ።

«አባትህ የተቀበረ ዕለት የት ነበርክ?»

«አውቶቡስ ጣቢያ። ቦሲልካ ቪየና ያለሁ መስሏት መልእክቱን እንዲያደርስልኝ ለሹፌሩ ደውላ ነበር፤ እሱ ነገረኝ። ጥቁር ክራቫት ገዛሁ። የአንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ሄደ። የአምስት ሰዓቱም ሄደ። መጨረሻ ላይ የጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ እግሬን አንሳ አለችኝ፤ አነሳሁና ወደዚህ መጣሁ።»

«በሚካኤልስ?»

«በየዓመቱ ንፍሮ እቀቅላለሁ። በሩን ክፍት አድርጌ እቀመጣለሁ።»

«ማን ይመጣል?»

«ማንም። ቪየና ያለሁ ነው የሚመስላቸው።» ትንሽ አሰበ። «አንድ ዓመት ከላይ ፎቅ ያሉ ሰውዬ መጥተዋል። በርህ ተከፍቷል ሊሉኝ ነው። ዘግተውልኝ ሄዱ።»

ስታሜና እንቁላሉን ልጠው ጨረሱ። ቅርፊቱን በመዳፋቸው ሰበሰቡ። አሁን ስለ ቦሲልካ ሊነግሩት ወስነው ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ ራዲሻ ቀደማቸው።

«እማዬ፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

«ወዴት?»

«ቪየና። አሁን እውነቱን ነው። ወረቀቱ መጥቷል።»

ተነስቶ ከትራሱ ሥር አንድ ፖስታ አወጣ። ስታሜና ወረቀቱን ተቀብለው በብርሃን አዩት። ጀርመንኛ ነው። ማኅተም አለው። መልሰው አጠፉት፣ በጥንቃቄ፣ መጀመሪያ በታጠፈበት መስመር።

«ካርዶቹ ሁሉ እውነት ይሆናሉ» አለ ራዲሻ። ፈገግ ያለ ይመስላል።

ስታሜና እንቁላሉን በጨው ነክሰው ቀስ ብለው አላመጡ። በመስኮቱ የዛፉ ጫፍ ይታያል። ንፋስ አልነበረም፤ ቅጠሎቹ ግን ይንቀሳቀሳሉ። ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ነው። ስታሜና ስለ ቤታቸው ጣሪያ ነገሩት፤ በሰሜን በኩል ሁለት ክዳን ወድቋል። ስለ ሞተችው ላም ነገሩት። ሌላ ነገር አልነገሩትም።

«ዛሬ ዕርገት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ወርደህ መስቀሉን ያዝ። የአባትህ መስቀል ነው። ከዚያ ትሄዳለህ።»

ራዲሻ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ።

እታች ቬሊቦር ሰንደቁን ዘርግተው ይጠብቁ ነበር። ራዲሻ መስቀሉን ሲያነሳ ወደ ስታሜና ጠጋ አሉ።

«ነገሩት?»

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ልሳለመው አለ።»

ቬሊቦር ራዲሻን አዩት። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስት ሰዎች ስለሆኑ ዑደቱን ጀመሩ። እርሻ ስላልነበረ ፎቁን ዞሩ። ራዲሻ መስቀሉን ይዞ ከፊት፣ ቬሊቦር ሰንደቁን ይዘው ከመሐል፣ ስታሜና ከኋላ ሆነው በቆሻሻ ገንዳዎቹ፣ በልጆች መጫወቻው፣ በልብስ ማስጫው በኩል አለፉ። የሚዘመረውን ቬሊቦር አሉ፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በየበረንዳው ሰዎች ወጥተው አዩ። አንዲት ሴት አማተበች። አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ፤ ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ዛፉ ሥር ሲደርሱ ቬሊቦር ቢላውን ተቀብለው የቀድሞውን መስቀል አደሱ። ባሉጡ ደም አልባ ነው፤ የተቆረጠው ቦታ ግን ረጥቦ ነበር። ስታሜና ዘይቱንና ወይኑን አፈሰሱ። ድፎውን ቆረሱ። ቬሊቦር ግንዱን ተሳለሙ። ስታሜና ተሳለሙ። ራዲሻ መስቀሉን ለእናቱ አቀበለ፣ ቀረበ፣ ሁለት እጆቹን ግንዱ ላይ አድርጎ ግንባሩን አስደገፈ። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ሆነ። ቀና ሲል ፊቱ ረጥቧል።

«የአባዬ ሽታ አለው» አለ።

ከዛፉ ሁለት እርምጃ ራቀ። ሦስተኛውን ሊራመድ ሞከረ። ወደ ጫማው ጎንበስ ብሎ አየ።

«እማዬ» አለ፣ «እግሬ።»

ቬሊቦር ቢላውን ከእጃቸው ጣሉ። ስታሜናን አዩ።

«አልነገሩትም» አሉ።

«አልነገርኩትም።»

ዛፉ ተንቀሳቀሰ። ሥሮቹን ከአስፋልቱ ላይ ሰብስቦ ወደ ሰሜን ዞረ፣ ወደ ቤልግሬድ ወደሚወስደው መንገድ። ቬሊቦር ሰንደቁን ጠቀለሉ። ራዲሻ ፊት ሄደው ቆሙ፤ ትከሻውን ነክተው ተመለሱ። ከዛፉ ፊት ለፊት፣ እግረኛ መንገዱ ላይ መሄድ ጀመሩ።

«ወዴት ነው?» አሉ ስታሜና።

«ሠላሳ ዘጠኝ ልጆች ቀርተዋል። ቀድሜ ልነግራቸው ነው።»

«በዚህ ዕድሜዎ?»

«ዛፉ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው» አሉ ቬሊቦር፤ ዞር ብለው አላዩም። ዛፉ ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላቸው ተከተለ። ቀዩ ጨርቅ እስከ መታጠፊያው ድረስ ታየ፤ ከዚያ አልታየም።

ስታሜና አራተኛ ፎቅ ወጥተው አንድ ወንበርና አንድ ባልዲ ውኃ ይዘው ወረዱ። የልጃቸውን ጫማ ማሰሪያ ፈቱ፤ ጫማው ግን አልወጣም። አስፋልቱ በእግሩ ዙሪያ በቀስታ ተሰንጥቋል። ውኃውን ስንጥቁ ውስጥ አፈሰሱ። ወዲያው ጠጣው።

«ያምሃል?»

«አያምም። ይቀዘቅዛል።»

አንድ ሰው መኪናውን ሊያቆም መጣና መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ቦታው የእሱ እንደሆነ ተናገረ። ስታሜና ልጃቸው እንደማይንቀሳቀስ ነገሩት። ሰውየው የራዲሻን እግር አየ፤ ይቅርታ ጠይቆ ሌላ ቦታ ፈለገ።

ስታሜና ወንበሩን ፊት ለፊቱ አድርገው ተቀመጡ። አሥራ አራት ዓመት ያላዩትን ፊት በደንብ ሊያዩ ፈለጉ። እሱ ግን የሚያየው ከእሳቸው ራስ በላይ፣ ወደ ምሥራቅ ነበር። ሊያያቸው ወደሚችልበት አቅጣጫ ወንበራቸውን ሁለት ጊዜ አዛወሩ። ዓይኑ አልተከተላቸውም።

«ታውቂ ነበር?» አለ።

«አውቅ ነበር።»

ከሩቅ ባቡር አለፈ። እስኪያልፍ ጠበቁ።

«የቅዳሜው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነበር?» አሉ ስታሜና።

«ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት።»

«ቁርስ ሳትበላ ልትሄድ ነበር።»

ፀሐይዋ ወደ ፎቆቹ ጀርባ እየወረደች የራዲሻ ጥላ በመኪና ማቆሚያው ላይ ረዘመ። በየበረንዳው ልብስ ተሰበሰበ። ስታሜና የቀረውን እንቁላል ወደ አፉ አቀረቡለት፤ ከንፈሩን አልከፈተም፤ መልሰው በመሐረብ ጠቀለሉት።

አንዲት ግራጫ ወፍ መጥታ ግራ ትከሻው ላይ አረፈች። በአፏ አንድ ስንጥር ገለባ ይዛለች። አንገቷን ሰብራ የሸሚዙን ኮሌታ አየች፣ ገለባውን በኮሌታውና በአንገቱ መካከል ሻጠችው፣ በመንቁሯ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረገችው። ስታሜና ሊያባርሯት እጃቸውን አነሱ።

«ተያት» አለ ራዲሻ፣ ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ።

ወፏ በረረች። ብዙም ሳትቆይ ሌላ ገለባ ይዛ ተመለሰች።